የእሜቴ ተጎታች

አባቴ ተጎታቿን፣ በመኪና የምትሳበውን የማደሪያ ቤታችንን፣ የመረጠው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። እንዲያው በዘፈቀደ ገዛት ማለቴ አይደለም። ሻጩ እያየው፣ እኛ እያየነው፣ በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን ጭፍን አድርጎ፣ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ እየዳበሰ ገባባት። ውስጥ ሆኖ የሆነ ነገር ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ ሲያንኳኳ ሰማን። ሲወጣ ግንባሩ ላይ አንድም እብጠት አልነበረም።

"ይቺ ናት" አለ።

እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ልቤ የሄደው ግን አጠገቧ ወደቆመችው ነበር። ነጭ፣ ረጅም፣ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር የተሰመረባት፤ ውስጧ ተደራራቢ አልጋ ያላት፣ ከላይኛው አልጋ ትይዩ ጣሪያው ላይ መስኮት የተከፈተላት። ወጥቼ ተኝቼባት ነበር። ደመና ይታያል። ሻጩ፣ ቁልፍ በጣቱ ላይ ሲያሽከረክር የሚውል ወፍራም ሰውዬ፣ ሁኔታዬ ገብቶታል።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ ተጎታች አይደለችም፣ ቤት ናት! ልጁ ራሱ መረጠልዎት። ልጅ ደግሞ አይሳሳትም" አለ።

"ደረጃዋ በዛ" አለች እህቴ። "መተላለፊያዋም ረዘመ።"

እንዲህ ናት እህቴ። በዚያ ዓመት ቁመቷ ድንገት ተመዝዞ ከእናቴ እኩል ሆና ነበር፤ አነጋገሯ ግን ከቁመቷም አልፎ የአክስት ሆኗል። እሜቴ ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ፤ ለማናደድ ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ወደደችው። አባቴ አውቶቡስ ሲሠራ የሚውል፣ መቀመጫና ወለል የሚገጥም ሰው ነው፤ ስለ ተሽከርካሪ ማንም እንዲነግረው አይወድም። ያን ቀን ግን ራሱን ነቀነቀ። ለእሷ።

"ልክ ነሽ" አላት።

እናቴ ከትንሿ ተጎታች በር ሳትርቅ ቆማለች። ጨርቅ ስትገዛ እንደምታደርገው የበሩን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ትደባብሳለች።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላት አባቴ።

"ዝቅ ያለች ናት። ደስ ትላለች።"

"እኔስ?" አልኩ። "እኔን ማንም አልጠየቀኝም!"

"አንተማ ሳትጠየቅ ነው የምታወራው፣ ሬዲዮ" አለኝ አባቴ። ሻጩ ሳቀ። እሜቴም ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ነው የበገንኩት።

ሬዲዮ የተባልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ቤት የተነገረ ነገር ሁሉ የሰፈሩ ጆሮ የሚደርሰው በኔ በኩል ነበር። አጎቴ ሥራ መልቀቁን ለባለሱቁ ያበሰርኩ እኔ ነኝ። እናቴ የጎረቤታችንን አዲስ መጋረጃ "የሬሳ መሸፈኛ ይመስላል" ማለቷን ለራሷ ለጎረቤታችን የነገርኩም እኔው ነኝ። ክፋት አልነበረብኝም። የሰማሁት ነገር አፌ ውስጥ አያድርም ነበር፣ በቃ።

ተጎታቿ ግቢያችን ውስጥ ስትቆም የተቀመጠች ዶሮ መሰለች። ነጭ የነበረው ቀለሟ ወይቧል፤ ውስጧ ያረጀ ስፖንጅና የአይጥ ሽታ አለው። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቱታውን ሳያወልቅ ይገባባታል። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ አፈራረሰ፤ ከዚያ እንደገና መሥራት ጀመረ። የሚሠራው ሁሉ ለእሜቴ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ ልናገር።

እነ አባቴ ጋራዥ መቀመጫ የሚገጠመው በሜትር አይደለም። ሰው አምጥተው ያስቀምጡና፣ ጉልበቱ የደረሰበት፣ ክርኑ ያረፈበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። "ሜትር አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው ሰው ነው" ይላል አባቴ። ተጎታቿንም የሠራት እንደዚያው ነው፤ በሰው ልክ። ያ ሰው ደግሞ እሜቴ ነበረች።

"ቁሚ" ይላታል። ትቆማለች። "እጅሽን ሳታስቢ ጣል አድርጊው።" እጇ ግድግዳው ላይ ያረፈበትን በጠመኔ ይጭራል። በዚያ ከፍታ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ለስላሳ የእንጨት ዘንግ ገጠመ፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው የሚሄዱ ሰዎች የሚይዙትን ዓይነት። መደርደሪያው በትከሻዋ ልክ፣ ምድጃው በወገቧ ልክ፣ አልጋው በጉልበቷ ልክ።

"እኔንም ለካኝ!"

"አንተ ገና ታድጋለህ፤ ልክህ አይያዝም። ያንተ ይደርሳል።"

የበሩን ደፍና የመደርደሪያውን ጠርዝ ደማቅ ቢጫ ቀባው። ቢጫ የእሜቴ ቀለም ነው። ቦርሳዋ ቢጫ፣ የፀጉር ማሰሪያዋ ቢጫ።

"ሰማያዊ ይሁን" ብዬ ለመንኩ።

"ሰማያዊ አይታይም።"

"እኔ ይታየኛል!"

"ላንተማ ይታይሃል" አለና ብሩሹን መልሶ ቆርቆሮው ውስጥ ነከረ።

የመሳቢያዎቹ እጀታዎች አንዳቸው ከሌላቸው አይመሳሰሉም። የኩባያው ክብ፣ የማንኪያው አራት ማዕዘን፣ የዳቦው ሞላላ ነው፤ የመድኃኒቱ ላይ ገመድ ተጠምጥሞበታል። ዓይኔ የሚያየው አሻንጉሊት ነበር። አንድ ቤት ሙሉ አሻንጉሊት፣ ለአንዲት ልጅ። እሜቴ መሬት ላይ ተቀምጣ እጀታዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፤ በየመሃሉ ቀና ብላ እንደ ሹም ታየኛለች።

ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ መጋረጃው ነው። እናቴ መጋረጃ ሰፊ ነበረች። ቀጥ ያለ ስፌቷን ሰዎች ከሩቅ ሰፈር እየመጡ ይፈልጉት ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን "ላርፍ" ብላ ሥራዋን ትታለች። አንድ ከሰዓት አባቴ ተጎታቿ ውስጥ መጋረጃ ሲሰቅል አየሁ። ጠማማ ነው። ጫፉ አንድ ቦታ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ሌላ ቦታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ክሩ ከመስመሩ ወጥቶ እንደ ሰካራም ይሄዳል። እናቴ እንዲህ ልትሰፋ አትችልም። የእሜቴ እጅ ነው ማለት ነው። አባቴ ደግሞ ሰቅሎት ሲያበቃ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው፤ ጨርቁን በመዳፉ ዳበሰው፤ አፍንጫውንም በእጅጌው ጠራረገ።

እኔ የሳልኩትን የዓሣ ሥዕል ይዤ ገባሁ። "ይሄን ግድግዳው ላይ ለጥፍልኝ።"

"ግድግዳው ባዶ ይሁን፣ የኔ ልጅ። እጅ የሚነካው ነገር አይብዛበት።"

የእሷ ጠማማ መጋረጃ ይሰቀላል፤ የኔ ዓሣ ቦታ አያገኝም። ሥዕሉን ቀድጄ ለጎረቤት ፍየል ሰጠኋት። በላችው።

ለካ መጋረጃውን የሰፋችው እናቴ ነበረች። የመጨረሻ ስፌቷ ነው። ዛሬ እኔ ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሚስቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን ላስተካክለው ብላ መቀስ ይዛ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከተጎታቿ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። እሜቴ ዓይኗን በሻርፕ አስራ መሃል ላይ ቆማለች። አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

"ኩባያ!" ይላል።

ዘንጉን ይዛ ትራመዳለች፣ እጀታዎቹን ትደባብሳለች፣ ክቡን ስባ ኩባያ ታወጣለች።

"መድኃኒት!"

ገመድ የተጠመጠመበትን ታገኛለች። አባቴ ያጨበጭባል።

በሩን ደበደብኩ። "እኔም ልጫወት!"

"ቆይ ሬዲዮ፣ ሥራ ላይ ነን።"

"ጨዋታ ነው እንጂ ምን ሥራ ነው?"

"አባዬ፣ አታስገባው" አለች እሜቴ ከነሻርፗ። "ከገባ አለቀልን።"

የዚያን ሳምንት እሑድ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ አዲስ ስፖንጅ ጭኖ መጣ። እኔ ተጎታቿ ሥር፣ በጎማዎቹ መካከል ነበርኩ። ሳኮርፍ የምገባበት ቦታዬ ነው። ከላይ የእሱና የአባቴ ድምፅ በወለሉ ውስጥ ይሰማኛል።

"ልጆቹ ያውቃሉ?" አለ አጎቴ።

"ትልቋ ታውቃለች። ራሷ ናት የደረሰችበት።"

"ትንሹስ?"

"እሱማ ዛሬ ብንነግረው ነገ ባለሱቁ ሊያጽናናን ይመጣል።"

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ መዶሻው ጀመረና ሌላው ንግግር ጠፋብኝ።

የጠፋብኝን አጎቴ ራሱ ካደግኩ በኋላ ነገረኝ። የእናቴ እይታ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነበር። ሐኪሙ እንደሚጠፋ እርግጠኛ ነው፤ መቼ እንደሚጠፋ ነው ያላወቀው። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ሐይቅ ዳር ማደር ትወድ ነበር፤ አባቴም ብርሃኗ ቢጠፋም ሐይቁ አይጠፋባትም ብሎ ነው ተጎታቿን የገዛው። አንድ ነገር ግን እምቢ አለች። "ሥሩት፤ እናንተ ፊት ግን አልለማመድም" አለቻቸው፤ ለአጎቴ ደግሞ ለብቻው ምክንያቷን ነገረችው። "እሱ ያለቅሳል፣ ልጅቷም ታለቅሳለች፤ እኔ እነሱን ሳባብል ኩባያው የት እንዳለ ይጠፋኛል።"

ጎማዎቹ መሃል የተጋደመው ልጅ ግን የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትልቋ ታውቃለች። ምስጢር አለ፣ እሷ ውስጥ ናት፣ እኔ ውጭ ነኝ። ተጎታቿ ውስጥ ያለውን መተኛ በልቤ ቆጠርኩ። ሰፊው አልጋ የእናቴና የአባቴ። ጠባቡ አግዳሚ ወንበር፣ በእሜቴ ልክ የተሠራው፣ የእሜቴ። ሌላ የለም። ነገሩ ገባኝ፤ ተጎታቿ ስታልቅ ሐይቅ የሚሄዱት ሦስቱ ናቸው። እኔ አጎቴ ቤት ልቀር ነው።

አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ጨዋታውን ከእሜቴ በልጬ ከተጫወትኩ አባቴ ሊተወኝ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አባቴ ሥራ፣ እሜቴም ትምህርት ላይ ሳሉ፣ ሹራቤን ዓይኔ ላይ አስሬ ተጎታቿ ውስጥ እለማመድ ነበር። ጉልበቴ ተላጠ። ዳቦ ስፈልግ ማንኪያ አወጣለሁ። አንድ ቀን ዘንጉን ይዤ ወደ በሩ ስመለስ ለስላሳ ነገር ገጨሁ። እናቴ መሆኗን የነገረኝ የሳሙናዋ ሽታ ነው።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለች እናቴ።

"እሜቴን ላሸንፋት ነው።"

ሹራቤን ከዓይኔ ላይ አውልቃ የተላጠ ጉልበቴን ነካ ነካ አደረገችው። "እስቲ አሳየኝ" አለች።

አሳየኋት። ከዚያ "እኔም ልሞክር?" አለች። የራሷን ሻርፕ አሰርኩላት። ፈትሼ ነው ያሰርኩት፤ ትልልቅ ሰዎች ያጭበረብራሉ።

"ማንኪያ!" አልኩ።

ዳቦ አወጣች።

"ማንኪያ ነው ያልኩት እማዬ! በዳቦ ምን ታማስያለሽ?"

ቆማ ቀረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከሻርፗ ሥር ፊቷን አየሁ፤ እየሳቀች ነበር። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም።

"እንደገና በለኝ" አለች።

"ማንኪያ!"

አሁንም ሳተች። ግንባሯን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨች። አባቴ ጠርዙ ላይ ላስቲክ ስለለጠፈበት ብዙም አላመማትም።

"ሰነፍ ነሽ" አልኳት። "እሜቴ በአንዴ ነው የምታገኘው።"

"እውነት?"

"አዎ! አንቺ ትቸኩያለሽ። መጀመሪያ ዘንጉን ያዢ፣ ከዚያ ተራመጂ፣ ከዚያ ዳብሺ።"

"እሺ፣ የኔ ጌታ።"

"ደግሞ አትሳቂ።"

በየቀኑ እንመጣ ነበር። እኔ አልጋው ላይ ተኮፍሼ አዝዛለሁ፣ እሷ ትታዘዛለች። አላዘንኩላትም፤ የምታሳዝን መሆኗን ማን ነገረኝ? ስትሳሳት እጮሃለሁ፣ ስታገኝ "ምንም አይልም" እላታለሁ፣ ሲሰለቸኝ ደግሞ እያዛጋሁ "ሌላ ሰው ብሆን ትቼሽ ነበር" እላታለሁ። አንድ ቀን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ረጅም ጊዜ ሻርፗን ሳታወልቅ ቆየች።

"ለማንም አትንገር፣ እሺ?" አለች።

"ለአባዬም?"

"ለአባዬም። በተለይ ለእሜቴ።"

በተለይ ለእሜቴ! ይቺን ቃል ስሰማ ደረቴ ሞቀ። ሬዲዮ የሰማውን ነገር ሳያወራ የከረመው ያኔ ነው፤ ጨዋነት አይደለም፣ ቅናት ነው አፌን የያዘው። እሜቴ የማታውቀው ነገር አለኝ። ራት ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እያየኋት አኝካለሁ። "ምን ያስቅሃል?" ትለኛለች። "ምንም" እላታለሁ። ምንም እንደ ማለት የሚጣፍጥ ነገር አልነበረም።

ወደ ሐይቁ የምንጓዝበት ቀን ጠዋት አባቴ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አንድ ጥቅል አወጣ። ከአውቶቡስ የመቀመጫ ሸራ የተሰፋ አልጋ ነው፤ ሁለት ጫፉ ላይ ቀለበት አለው፣ ከአግዳሚው በላይ ይንጠለጠላል፣ ቀን ቀን ግን ግድግዳው ላይ ተጣጥፎ ይታሰራል። ሰማያዊ ነው።

"ያንተ" አለኝ። "መሬት ላይ ቢሆን መንገድ ይዘጋል፤ ለዚህ ነው የቆየው።"

ቦታ አገኘሁ። አጎቴ ቤት አልቀረሁም። አንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? መንገዱን ሙሉ ግን የእሜቴን ማጅራት እያየሁ ነበር የምሄደው። ምስጢሩ አሁንም እሷ ጋ ነው። አሁንም እሷን ማሸነፍ አለብኝ።

ሐይቁ ዳር የደረስነው ከምሳ በኋላ ነው። አባቴ ከጎማው ሥር እንጨት እያስገባ ተጎታቿን አስተካከላት። ውኃው ላይ ፀሐይ ተበትኗል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ዳርቻው ላይ ቆመች፤ ራሷን ቀስ እያደረገች ከግራ ወደ ቀኝ አዞረችና ሐይቁን በሙሉ አየችው። እኔ ምን ያስቆማታል እያልኩ ነበር።

"ውድድር!" ብዬ ጮህኩ። "ዓይን የማሰር ውድድር!"

አባቴና እሜቴ ተያዩ። "እሱ ደግሞ ከየት አመጣው?" አለች እሜቴ።

እሷ ቀደመች። ኩባያ፣ ማንኪያ፣ ዳቦ፤ ጥሩ ሠራች። ቀጥሎ እኔ ገባሁ። ዘንጉንም አልያዝኩም። ሦስቱን አውጥቼ ስጨርስ እሜቴ አፏን ከፍታ ቀርታለች።

"ማን አስተማረህ?" አለ አባቴ።

"ማንም።"

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እኔስ?" አለች።

የአባቴ ፊት ተለወጠ። "አንቺ አረፍ በይ። ከመንገድ ነው የገባሽው።"

"እማዬ፣ ግድ የለም" አለች እሜቴ።

"ተነሡልኝ" አለች እናቴ።

"ማሰሪያ!" አልኩ።

"ተዋት!" ብሎ አባቴ ጮኸብኝ። እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም።

"ለምን ይተወኛል? ሕግ ነው" አለችና ሻርፗን ራሷ አሰረች።

ከዚያ ሻይ አፈላች። ኩባያ ብቻ አይደለም ያወጣችው። የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ አገኘች፣ ስኳሩን አገኘች፣ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጣደች፣ ክብሪቱን ጫረች። እጇ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ አንድም ጊዜ አልተመለሰም። አባቴ ትንፋሹን ውጧል። እሜቴ የበሩን ጉበን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔ ብቻ ነበርኩ የተናደድኩት፤ ከኔ በላይ ልትሆን ነው።

ሻዩን ልትቀዳ ስትል የአመልካች ጣቷን ጫፍ ኩባያው ውስጥ አስገባች።

"አጭበረበረች!" ብዬ ዘለልኩ። "ጣት አስገባች! ጣት አይቻልም!"

አባቴ በሩን ገፍቶ ወጣ። ጀርባውን ሰጥቶን ውኃው ዳር ቆመ። መሸነፉ አናዶት ነው የመሰለኝ።

"ጣት አይቻልም?" አለች እናቴ።

"አይቻልም!"

"እሺ፣ ያለ ጣት።" ኩባያውን ባዶ አድርጋ እንደገና መቅዳት ጀመረች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ። ኩባያው ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ከአፉ ትንሽ ሲቀረው አቆመች። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ወደ ድምፄ ዞረችና ዘረጋችልኝ።

"ይኸው፣ ዳኛ። አሁንስ?"

"ምንም አይልም" አልኩ።

ሻርፗን ሳታወልቅ ሳቀች፤ ያቺን የከሰዓት በኋላ ሳቋን። እሜቴ ሳቁን ሰማች፣ እኔን አየች፣ እናቴን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። እጄን ይዛ ከተጎታቿ ጀርባ ወሰደችኝ።

"ካንተ ጋር ነው የተለማመደችው?"

መኩራቴ ፊቴ ላይ ተጽፎ መሆን አለበት።

"እኔን እምቢ ብላኛለች" አለች። "ስንት ጊዜ ለመንኳት። ካንተ ጋር! ካንተ ጋር?" ያቺ ትልቅ ሰው እህቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች።

ቅናት መሆኑን ወዲያው አወቅኩት። ሌላ ነገር ባላውቅ እሱን አውቀዋለሁ። ስመኝ የከረምኩት ይህን ነበር፤ ግን እንዲህ አምርራ ታለቅሳለች ብዬ አልጠበቅኩም። በአንድ ጨዋታ እንዲህ ይለቀሳል? አጠገቧ ተቀመጥኩና እንደ ትልቅ ሰው ጀርባዋን መታ መታ አደረግኳት።

"አይዞሽ" አልኳት። "በሚቀጥለው ታሸንፊያለሽ።"